የወይራ ፊንገርቦርድ፦ ከመቁረጥ እስከ ማጣበቅ

የሠራኋቸውን ጊታሮች አንስተው የሚያዩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀድሙት ጥያቄ ፊንገርቦርዱ፣ ማለትም ክሩ በጣት የሚጫንበት የአንገቱ እንጨት፣ ለምን ጥቁር እንዳልሆነ ነው። ወይራ ስለሆነ ነው እላቸዋለሁ። ቀጥለው ጥቁሩ እንጨት አዲስ አበባ ውስጥ ከየት እንደሚገኝ ይጠይቁኛል። አንድ ቀን አንድ ሰው ጊታሩን ዳብሶ «ይህ እንጨት ስንት ክረምት ከርሟል?» ብሎ ቢጠይቀኝ እንዴት ደስ ባለኝ! ለፊንገርቦርድ የሚሆን እንጨት በቀለሙ አይመረጥም። የሚፈረደው በጥንካሬውና በድርቀቱ ነው፤ ዛሬ የምጽፈውም ስለዚሁ ነው፣ ይልቁንም ስለ ድርቀቱ።

መተዳደሪያዬ የቤት ዕቃ ነው፤ በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሳጥን እሠራለሁ። ጊታር የምሠራው ኮተቤ ባለው ቤቴ ጓሮ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ማታ ማታና በእረፍት ቀን ነው። በር ሲሠራ አንድ ሚሊሜትር ቢጎድል ወይም ቢተርፍ ማጠፊያውና ቀለሙ ይሸፍኑታል። ፊንገርቦርድ ላይ ግን የግማሽ ሚሊሜትር ለውጥ የተጫዋቹን እጅ ይቆርጣል። የተጋነነ ንግግር የሚመስለው ካለ ትንሽ ይታገሠኝ፤ ስሌቱን ወደ ታች አስቀምጣለሁ።

ፊንገርቦርድ በጊታሩ አንገት ላይ የሚለጠፈው፣ ጣታችን ክሩን የሚጫንበትና ፍሬት የሚባሉት ቀጫጭን የብረት ዘንጎች የሚቀበሩበት ስስ እንጨት ነው። ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ስፋቱ ከጊታሩ ራስ በኩል 44 ሚሊሜትር ያህል ሆኖ ይጀምርና ወደ ሆዱ ሲወርድ 56 ገደማ ይደርሳል፤ ርዝመቱ ከግማሽ ሜትር ትንሽ ያንሳል። መጠኑ ትንሽ ቢሆንም የሚሸከመው ብዙ ነው። የብረት ክር ባለው ጊታር ላይ ስድስቱ ክሮች ተወጥረው ሲቃኙ በጠቅላላ 70 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል አንገቱን ይስባሉ። የተጫዋቹ ጥፍር፣ ላብና የክሩ ፍትጊያ ደግሞ የየዕለት ነው። ለዚህ ሁሉ ለስላሳ እንጨት ካቀረቡለት በጥቂት ዓመት ውስጥ በየፍሬቱ መካከል ጎድጎድ ይላል።

የራሳችን የክር መሣሪያዎች ይህን ክፍል አያውቁትም። ክራርና በገና አንገት የላቸውም፤ ክሮቻቸው ከላይኛው ቀንበር ተነሥተው ከኋላቸው ምንም ሳይኖር ወደ ድምፅ ሳጥኑ ይወርዳሉ። ማሲንቆ አንገት አለው፤ ተጫዋቹ ግን ክሩን በጣቱ ይነካዋል እንጂ ከእንጨቱ ጋር አጣብቆ አይጫነውም። ስለዚህ የበገና ሠሪዎቻችን ስለ ዋንዛና ስለ ቆዳ ያቆዩልን ዕውቀት ፊንገርቦርድ ላይ ሲደርስ ያልቃል። ዕውቀቱን ያገኘሁት ከገበሬው ቤት ነው። ሞፈርና ቀንበር፣ የመጥረቢያ እጀታ፣ ዘነዘና፣ የካህናቱ መቋሚያ፤ እነዚህን የሚሠራ ሰው ጠንካራ እንጨት መቼ እንደሚቆረጥ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ መቼ እንደሚታመን ያውቃል።

በዓለም ያሉ ጊታር ሠሪዎች ለዚህ ሥራ የሚመርጧቸው እንጨቶች ጥቂት ናቸው። ቀዳሚው ኢቦኒ የሚባለው ዞጲ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ሮዝውድ ይመጣል። የእንጨት ጥንካሬ የሚለካበት ጃንካ የሚባል ዘዴ አለ። 11.28 ሚሊሜትር ስፋት ያላት የብረት ኳስ እስከ ወገቧ ድረስ እንጨቱ ውስጥ እንድትሰምጥ ምን ያህል ኃይል እንደሚያስፈልግ ይለካል። በዚህ መለኪያ የጋቦን ዞጲ 3,080 ፓውንድ፣ የሕንድ ሮዝውድ 2,440፣ ለጊታር አንገት የሚውለው ጠንካራው ሜፕል 1,450 ያወጣሉ። ወይራ 2,700 ገደማ ነው። ሮዝውድን ይበልጣል፣ ወደ ዞጲ ይጠጋል። ይህ ቁጥር የተለካው ፍሬው ዘይት በሚሰጠው በሜዲትራኒያኑ ወይራ ላይ ነው፤ በደጋችን የሚበቅለው የዚያው ዝርያ ንዑስ ወገን በመሆኑ በመላጊያዬ ሥር የሚሰማኝም ከዚህ የራቀ አይደለም። ቁጥሩን ባየሁ ጊዜ ከባሕር ማዶ እንጨት ለማስመጣት የነበረኝ ፍላጎት በአንዴ ጠፋ።

ሌላም ምክንያት አለ። ሮዝውድን የሚሰጡት የዳልበርጂያ ወገን ዛፎች በብዙ አገር በመመናመናቸው እ.ኤ.አ. ከጥር 2017 ጀምሮ መላው ወገን ማለት ይቻላል የመጥፋት አደጋ ያንዣበበባቸውን እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ በሚቆጣጠረው በዓለም አቀፉ የሳይቲስ ስምምነት ሥር ገብቷል። ተሠርተው ያለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች በ2019 ከቁጥጥሩ ነፃ ሲወጡ ጥሬ እንጨቱ ግን ባለበት ቀረ። ዞጲም ቢሆን የራሱ ታሪክ አለው። ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ ልቡ ግራጫ ወይም ቡናማ መስመር ያለበት ሆኖ ሲገኝ፣ ገበያው የሚፈልገው ጥቁሩን ብቻ ስለነበር፣ ግንዱ ጫካ ውስጥ ተጥሎ ይቀር ነበር። የቴይለር ጊታር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 ከአንድ የስፔን ድርጅት ጋር ሆኖ ካሜሩን ውስጥ የዞጲ መሰንጠቂያ ከገዛ በኋላ ባለ መስመሩን እንጨት በጊታሮቹ ላይ መጠቀም የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። ለጥቁረት ሲባል አንድ ሙሉ ዛፍ ወድቆ እንዲበሰብስ መተው በጣም ያሳዝነኛል፤ በድምፁ ላይ የሚያመጣው ልዩነት የለምና።

በአገራችን ቆላማ ቦታዎች፣ ለምሳሌ በቤኒሻንጉል በኩል፣ ክላርኔትና ኦቦ የሚሠሩበት የዳልበርጂያ ዓይነት ይበቅላል። አንድ ሜትር ኩብ የሚሆነው 1,270 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ውኃ ውስጥ ይሰምጣል። ከዞጲም የሚበልጥ ግሩም እንጨት ነው። ነገር ግን እድገቱ እጅግ አዝጋሚ በመሆኑ ለእኔ ጊታር ሲባል እንዲቆረጥ አልፈልግም። ወይራም ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ እሱን የምወስደው ወድቆ ካገኘሁት ብቻ ነው።

አሁን በእጄ ያለው ወይራ የመጣው ከቡልጋ ነው። የእናቴ ወንድም እዚያ ይኖራሉ። ከማሳቸው ዳር የነበረ ትልቅ ወይራ በነፋስ ተገንድሶ ወድቆ ሳለ ደረስኩ።

«ጋሼ፣ ይህን ግንድ ለማገዶ እንዳያስፈልጡት» አልኳቸው።

«ለምን ፈለግኸው? ለበር እንደሆነ ወይራ በር አይሆንም፤ ይከብዳል።»

ለጊታር እንደሆነ ስነግራቸው ብዙም አልተገረሙም። መጥረቢያቸውን ገልብጠው በጀርባው ግንዱን ከሥሩ ጀምረው እየመቱ ሄዱ። ጠጣር፣ አጭር ድምፅ ነበር የሚሰጠው። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ድምፁ ላላ፣ ወፈረ። እዚያው ቆመው ደገሙት። «ከዚህ ወዲያ ውስጡ ተበልቷል፤ አትድከም። የሚሆንህ ከዚህ ወዲህ ያለው ነው፤ እሱም ከጉጡ በታች» አሉኝ። በኋላ በመጋዝ ስንቆርጠው ባዶው ቦታ ካሳዩኝ መስመር አንድ ስንዝር እንኳ አልራቀም። ያረጀ ወይራ ብዙ ጊዜ ልቡ ክፍት ነው፤ ግንዱም እየተጠማዘዘ ስለሚያድግ ቀጥ ያለ ቁራጭ የሚገኘው በመከራ ነው። ለፊንገርቦርድ የሚያስፈልገኝ ግን 55 ሴንቲሜትር ያህል ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለበት እንጨት ብቻ በመሆኑ ለሌላ የእንጨት ሥራ የማይመች ወይራ እንኳ ለእኔ ይበቃኛል።

ከመሰንጠቁ በፊት መሠራት ያለበት ነገር አለ፤ የተቆረጠውን ጫፍ መድፈን። እንጨት እርጥበቱን በጫፉ በኩል የሚያስወጣው በጎኑ ከሚያስወጣው ከአሥር እጥፍ በላይ ፈጥኖ ነው። ጫፉ ቀድሞ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ መካከሉ ገና እርጥብ ስለሆነ አይከተለውም፣ ስለዚህ ጫፉ ይሰነጠቃል። ወይራ በዚህ በኩል ርኅራኄ የለውም፤ ፀሐይ ላይ ከዋለ ስንጥቁ በማግሥቱ ይታያል። የሻማ ሰም አቅልጬ ሁለቱንም ጫፍ፣ ጉጥ ካለበትም ጉጡን ጭምር፣ ወፈር አድርጌ ቀባሁት። ቀለም የሚቀቡም አሉ፤ እኔ ሰም እመርጣለሁ።

ከዚያ ወደ መሰንጠቂያ ቤት። እዚህ ላይ ሰንጣቂው ሥራውን በራሱ ልማድ እንዲሠራው መተው አይገባም፤ እሱ የሚያስበው ከአንድ ግንድ ብዙ ጣውላ ስለማውጣት ነው። የግንዱን ጫፍ ብታዩት የዕድሜው ቀለበቶች ከመካከል ወደ ውጭ ተደርድረዋል። እንጨት ሲደርቅ በእነዚህ ቀለበቶች አቅጣጫ የሚኮማተረው፣ ከመካከል ወደ ልጡ ባለው አቅጣጫ ከሚኮማተረው በጣም ይበልጣል። ለዘይት ወይራ የተለካው የመጀመሪያው 8.8 በመቶ፣ ሁለተኛው 5.4 በመቶ ነው፤ ከእርጥብ እስከ ፍጹም ደረቅ ማለት ነው። በርዝመቱ ግን እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ የለም። ስለዚህ የፊንገርቦርዱ ስፋት ከመካከል ወደ ልጡ በሚሄደው አቅጣጫ ላይ እንዲውል አድርጌ አሰነጥቃለሁ። ቁራጩን በጫፉ ስታዩት የቀለበቶቹ መስመሮች ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው። ጣውላው ትንሽ ይባክናል፤ ይባክን።

ይህ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በቁጥር ላሳይ። 56 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ወይራ እርጥበቱ 12 በመቶ ሳለ ተለጠፈ እንበል። በጥር ድርቀት ወደ 8 በመቶ ቢወርድ፣ መስመሮቹ ተጋድመው የተሰነጠቀው 0.65 ሚሊሜትር ያህል ይጠባል፤ መስመሮቹ ቆመው የተሰነጠቀው 0.4 ሚሊሜትር ያህል። ፍሬቱ ብረት ነው፣ አይጠብም። እንጨቱ ከሥሩ ሲሸሽ የፍሬቱ ጫፍ በሁለቱም ጎን ይወጣል። እጁን በአንገቱ ላይ እያንሸራተተ የሚጫወት ሰው የሚነካው ያንን የወጣ ብረት ነው። ከላይ «እጅ ይቆርጣል» ያልኩት ይህንን ነው።

በየዓመቱ ከገና በኋላ ጊታራቸውን ይዘው ወደ እኔ የሚመጡ ሰዎች አሉ። ጊታሮቹ ከውጭ አገር ፋብሪካ የመጡ፣ ብዙዎቹም ውድ ናቸው። ባለቤቶቹ «ፍሬቱ አደገ» ይሉኛል። ፍሬቱ እንዳላደገ፣ እንጨቱ እንደጠበበ አስረዳቸውና ጫፎቹን በደቃቅ ሞረድ አስተካክላለሁ። አንድ ወጣት የመዘምራን ጊታር አምጥቶልኝ ነበር፤ መሃረብ በአንገቱ ላይ ሳብ ሳደርግ በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ ክሩ እየተያዘ ተተለተለ። ፊንገርቦርዱ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሲታይ እንከን የሌለው ነበር። ሲሠራ ግን በቅጡ አልደረቀም ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ባየሁ ቁጥር የማድረቂያ መደርደሪያዬን ይበልጥ እወደዋለሁ።

እንግዲህ ወደ ማድረቁ። አጎቴ ለሞፈር የሚሆን እንጨት የሚቆርጡት ከመኸር በኋላ በበጋ ነው። ከዚያ ከጣሪያው ሥር፣ ጭሱ በሩቁ በሚደርስበት ቦታ ላይ ሰቅለውት ይከርማል። በሚቀጥለው በጋ ያወርዱትና ይጠርቡታል። ይህን ልማድ እንዳለ ተቀብዬዋለሁ። የመጻሕፍቱ የተለመደ ምክር ለአንድ ኢንች ውፍረት አንድ ዓመት ይላል፤ የእኔ ቁራጮች 12 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ስለሆኑ በዚያ ስሌት ስድስት ወር ይበቃቸዋል። ሆኖም ስድስት ወር አዲስ አበባ ላይ ስድስት ወር ብቻ አይደለም፤ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ከሆነ እንጨቱ የከረመው ዝናብ ውስጥ ነው። በክፍሌ የሰቀልኳት ትንሽ የእርጥበት መለኪያ በነሐሴ 75 በመቶን ታልፋለች፤ በጥር ቀትር ላይ ከ35 በታች ትወርዳለች። እንጨት የአየሩን እርጥበት እየተከተለ የሚኖር ነገር ነው። አየሩ 75 በመቶ ላይ ሲቆይ እንጨቱ ወደ 14 በመቶ ይሄዳል፤ 35 ላይ ሲቆይ ወደ 7 በመቶ። በዚህ ሁሉ መካከል ጊታሩ ይኖራል። ስለዚህ የእኔ ሕግ ቁራጩ ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምትና አንድ ሙሉ በጋ ሳይለጠፍ ማሳለፍ አለበት የሚል ነው። የሚጣመመው ይጣመም፣ የሚሰነጠቀው ይሰነጠቅ፤ ጊታር ላይ ከሚያደርገው መደርደሪያ ላይ ቢያደርገው ይሻላል።

አደራደሩ ቀላል ነው። ቁራጮቹን አንዱን ባንዱ ላይ አነባብሬ በመካከላቸው እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን ዘንጎች አስገባለሁ፤ አየር ከላይም ከታችም እንዲያገኛቸው። ዘንጎቹ አንዱ ከሌላው በላይ ትክክል መሰለፍ አለባቸው፤ አለዚያ ክብደቱ እንጨቱን ያጎብጠዋል። ከላይ ከባድ ድንጋይ እጭናለሁ። ክፍሉ ጥላ ነው፣ መስኮቱ በረንዳውን ያያል፣ ፀሐይ በቀጥታ አይገባም። ቆርቆሮው ቀን ቀን ስለሚግል ወደ ጣሪያው አላስጠጋቸውም።

መድረቁን እንዴት አውቃለሁ? በሚዛን። እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ቀንና ክብደት በእርሳስ ይጻፋል። መጀመሪያ ላይ ክብደቱ በፍጥነት ይወርዳል፣ ከዚያ ይዘገያል፣ ከዚያ ይቆማል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ትንሽ ይጨምራል። መጀመሪያ ላይ ይህ መጨመር ያስገርማል፤ የሚጠበቅ ነገር ግን ነው። ክብደቱ ቆመ ማለት እንጨቱ ከአየሩ ጋር ተስማማ ማለት እንጂ የምፈልገው ድርቀት ላይ ደረሰ ማለት ላይሆን ይችላል። ትክክለኛውን እርጥበት ለማወቅ ከአንዱ ቁራጭ፣ ከጫፉ ሳይሆን ገባ ብሎ፣ ትንሽ እቆርጥና እመዝናለሁ። ምድጃ ውስጥ 103 ዲግሪ ላይ አስቀምጬ ክብደቱ መውረዱን እስኪያቆም እየመዘንኩ እጠብቃለሁ። ሲገባ 46.2 ግራም የነበረ ሲወጣ 42 ግራም ከሆነ የጠፋው ውኃ 4.2 ግራም ነው፤ ይህ ለደረቁ ክብደት ሲካፈል 10 በመቶ ይሆናል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የእርጥበት መለኪያ ያለው ሰው ይህን ሁሉ አይደክምም፤ ግን ብዙዎቹ መለኪያዎች የተስተካከሉት ለቀለል እንጨት ስለሆነ እንደ ወይራ ያለ ከባድ እንጨት ላይ ያሳስታሉ። ምድጃና ሚዛን አይዋሹም። እኔ የምፈልገው ከ8 እስከ 9 በመቶ ያለውን ነው፤ ይህ የአየር እርጥበቱ 45 በመቶ አካባቢ ሲሆን እንጨቱ የሚኖርበት ልክ ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህ የሚገኘው ከኅዳር ጀምሮ ባሉት ወራት ነው። ስለዚህ ፊንገርቦርድ በክረምት አልለጥፍም፤ ማንም ቢቸኩል፣ ማንም ቢጠይቅ። በክረምት የጊታሩን ሌላ ክፍል እሠራለሁ።

የደረቀ ወይራ ሲላግ ጠባዩ ይገለጣል። ጭረቱ አንድ ቦታ ወደ ፊት፣ አንድ ጣት አለፍ ብሎ ወደ ኋላ ስለሚተኛ መላጊያው እየላሰ ሲሄድ ቆይቶ በድንገት ቁራሽ መንጭቆ ያወጣል። የተመነጨቀው ቦታ እንደ ዓሣ ቅርፊት ይሆናል፤ እስኪጠፋ ድረስ መላግ ደግሞ ውፍረቱን ይበላዋል። መድኃኒቱ ሦስት ነገር ነው፤ በጣም የተሳለ ምላጭ፣ እጅግ ስስ አወጣጥ፣ ምላጩ ከወትሮው ይበልጥ ቀና ብሎ መቆሙ። የመጨረሻውን ሥራ ለመላጊያ አልተውለትም፤ መፋቂያ ላሜራ አለኝ። ከምናለሽ ተራ ከገዛሁት አሮጌ የእጅ መጋዝ ላይ ቆርጬ ያወጣሁት ነው። ጠርዙን በጠንካራ ብረት ፈትጌ ለዓይን የማትታይ ምላስ አወጣለታለሁ፤ በሁለት አውራ ጣቴ ወደ ፊት ትንሽ አጉብጬ ስገፋው ከወይራው ላይ እንደ ጭስ የሳሳ ልጣጭ ይነሣል። ዱቄት ብቻ ካወጣ ምላሷ ሞታለች፤ እንደገና መፈተግ ነው። እዚያ ላይ ሽታው ይነሣል፤ የወተት ዕቃ በሚታጠንበት ቤት ያደገ ሰው የሚያውቀው ሽታ፣ ያለ ጭስ።

ቀለሙም የሚታየው ያኔ ነው። ከማር እስከ ቡና የሚደርስ መደብ ላይ ጥቁር ቡናማ መስመሮች ይሄዳሉ። አንዳንድ ሰዎች ብረት በአቼቶ ውስጥ አሟሙተው እንጨቱን ያጠቁሩታል፤ ዘዴው ይሠራል፣ ታኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ያለበት እንጨት ላይ ደግሞ ቀለሙ ይጠልቃል። እኔ አላደርገውም። ይህን መስመር ለመሥራት ዛፉ ዕድሜውን ሙሉ የደከመበትን ነገር መሸፈን አይገባኝም።

ውፍረቱን በአንድ ጊዜ ወደ መጨረሻው ልክ አላወርድም። መጀመሪያ ከ12 ወደ 9 ሚሊሜትር እልገዋለሁ፤ ከዚያ ዘንጎቹ ላይ መልሼ ለጥቂት ሳምንት አሳርፈዋለሁ። ከውስጡ የተያዘ ጉልበት ካለ ገጹ ሲነሣ ይፈታና እንጨቱ ይንቀሳቀሳል። ካረፈ በኋላ ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎች በሁለቱ ጫፎች ላይ አጋድሜ ከኋላ ሆኜ በአንድ ዓይን አያለሁ፤ የፊተኛው ዘንግ ጠርዝ ከኋለኛው ጋር ትክክል ከሆነ እንጨቱ አልተጠማዘዘም። አንዱ ጎን ከፍ ብሎ ከታየ አርመዋለሁ፤ እንደገናም አሳርፈዋለሁ። ሁለት ጊዜ ታርሞ ለሦስተኛ ጊዜ የሚጣመም ቁራጭ ፊንገርቦርድ አይሆንም። የመጥረቢያ እጀታም ቢሆን ክብር ነው።

የሚለጠፈው ገጽ ፍጹም ሜዳ መሆን አለበት። ወፍራም መስታወት ላይ ብርጭቆ ወረቀት አጣብቄ እንጨቱን በእሱ ላይ እስባለሁ፤ አስቀድሜ ገጹን በእርሳስ እጭራለሁ፤ የእርሳሱ ምልክት በሁሉም ቦታ እኩል ሲጠፋ ሜዳ ሆኗል። የላይኛውን ገጽ ወደ ጎን ክብ የማድረጉ ሥራ የሚመጣው ከተለጠፈ በኋላ ነው።

ፍሬቶቹ የሚቀበሩባቸውን ቦዮች የምቆርጠው ግን ገና ሳልለጥፈው፣ ጎኖቹ ትይዩ ሳሉ ነው፤ ስኳድራ የሚያርፍበት ቀጥ ያለ ጎን የሚገኘው ያኔ ነውና። የሚንቀጠቀጠው የክሩ ርዝመት 648 ሚሊሜትር ለሆነ ጊታር የመጀመሪያው ፍሬት የሚውለው ከጊታሩ ራስ በኩል ካለው የክሩ መነሻ 648 ለ17.817 ተካፍሎ በሚገኘው ቦታ፣ ማለትም 36.37 ሚሊሜትር ላይ ነው። የቀረው ርዝመት በዚያው ቁጥር እየተካፈለ ይቀጥላል፤ አሥራ ሁለተኛው 324 ላይ፣ ልክ ግማሹ ላይ፣ ያርፋል። ካላረፈ ስሌቱ የሆነ ቦታ ስቷል። ሁሉንም ከአንድ መነሻ እለካለሁ እንጂ ከፍሬት ወደ ፍሬት አልለካም፤ ጥቃቅን ስሕተቶች እንዳይደማመሩ። ወይራ እዚህ ላይ ይክሳል። የቦዩ ጠርዝ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፣ አይፈረካከስም። መጋዙ የሚከፍተው ስፋት ከፍሬቱ እግር ጋር መስማማቱን ግን ቀድሜ በዚያው እንጨት ትርፍራፊ ላይ እሞክራለሁ፤ በሌላ እንጨት መሞከር አይረዳም። ጠንካራ እንጨት ቦዩ ከጠበበ ስለማይላላ ፍሬቱ በግድ ከገባ አንገቱን ሁሉ ወደ ኋላ ይለምጠዋል።

ማጣበቁ ላይ አንድ አደጋ አለ። ነጩም ቢጫውም የእንጨት ኮላ ውኃ አለበት። ውኃው የፊንገርቦርዱን የታችኛውን ገጽ ያረጥበዋል፣ ያ ገጽ ያብጣል፣ አንገቱም ይቀለበሳል። ሁለት ዓመት በድካም ያደረቁትን እንጨት በአንድ ምሽት መልሶ ማርጠብ ማለት ነው። ስለዚህ ኮላውን በአንደኛው ገጽ ላይ ብቻ፣ በጣም ስስ አድርጌ፣ ጥርስ ባለው ላሜራ እየጠረግኩ እቀባለሁ። ሁለት ነገር ተደባልቆ የሚጠነክረውን ኢፖክሲ የሚመርጡ አሉ፤ ውኃ ስለሌለው ምክንያታቸው ትክክል ነው። እኔ በኮላው የምጸናው ወደፊት አንድ ሰው ፊንገርቦርዱን ማንሣት ቢያስፈልገው በሙቀት እንዲለቅለት ነው። ሞርሳዎቹን የምጠብቀው ከመካከል ወደ ጫፍ ነው፤ ከሥራቸው ቀጥ ያለ ወፍራም ጣውላ አደርጋለሁ። አንድ ሌሊት ታስሮ ያድራል።

ሲፈታ ወዲያውኑ የብረት ማስመሪያ አላስቀምጥበትም፤ ያን ቀን የሚያሳየው ልክ እውነተኛ አይደለም። የኮላው እርጥበት በሳምንት፣ አንዳንዴ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይወጣል፤ ትንሽ የተቀለበሰ አንገት በዚያ ጊዜ ራሱ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ማስመሪያውን አጋድሜ ከኋላ መብራት አበራለሁ። ብርሃን የሚያልፍበት ቦታ ካለ የሚታረመው ያኔ ነው። ከዚያ የላይኛው ገጽ ከመካከሉ እስከ ጠርዙ 406 ሚሊሜትር በሆነ ክበብ ልክ ጎበጥ ተደርጎ ይፋቃል፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፣ ስስ የተልባ ዘይት ይቀባል፣ ትርፉም ወዲያው ይወለወላል። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ግሎ እሳት ሊያነሣ ስለሚችል ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም፣ ክፍላችን በእንጨት ዱቄት የተሞላ ነው።

ፍሬቶቹን መምታትና ማስተካከል ራሱን የቻለ ሥራ ስለሆነ ለብቻው እጽፍበታለሁ። እስከዚያው የወይራ ቁራጭ ያገኛችሁ ሁሉ ጫፉን በሰም ድፈኑ፣ ቀኑንና ክብደቱን ጻፉበት።